ወርቅ ፈላጊዎች አልፈውት የሄዱት ዛፍ

ኮሮና አገራችን ገባ በተባለ ሰሞን፣ መጋቢት 2012 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ አክስቴ ቤት ስደርስ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሰው ሳይሆን ጭስ ነበር። ሳሎን ውስጥ ማን እንዳለ ለመለየት ዓይኔን ማሸት አስፈልጎኛል። ምድጃው ላይ እርድ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ ይንተከተካሉ፤ ማጨሻው ላይ ዕጣን ይትጎለጎላል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል።

"ግባ፣ ቶሎ ግባና በሩን ዝጋው፤ ጭሱ እንዳይወጣ!" አሉኝ።

"ኧረ እትዬ፣ እኛ እኮ ልንታፈን ነው።"

"በዕጣን ታፍኖ የሞተ ሰው አይቼ አላውቅም። የሚሞተው እሱ ነው፣ በሽታው።"

ያን ሰሞን የነበረውን ታስታውሳላችሁ። የሎሚና የነጭ ሽንኩርት ዋጋ ባንድ አዳር ጣራ ነክቶ፣ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆች እየታሸጉ ነበር። ያልተቀቀለ ሥር፣ ያልታጨሰ ቅጠል አልነበረም። አክስቴ ግን እርዱን የሚጠጡት ለኮሮና ብቻ ብለው አይደለም። ጉልበታቸው ማበጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ "ከጠጣሁት ወዲህ ለቀቅ አድርጎኛል" ይላሉ። እኔም ትንሽ ያነበበ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ማብራራት ጀመርሁ።

እርድን ቢጫ የሚያደርገው ከርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ፎገልና ፔልቲዬ የተባሉ ኬሚስቶች ከሥሩ ለይተው ያወጡት በ1815 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሰውን ዓመት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በስተቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።) ሐኪሞች "ብግነት" የሚሉትን፣ እኛ "ቁስሉ ተቆጣ" ስንል የምናስበውን ነገር፣ ከርኩሚን በቤተ ሙከራ ሲያበርደው ታይቷል። ችግሩ የሚመጣው ሆድ ውስጥ ሲገባ ነው፤ አንጀት እንደ ልቡ አይቀበለውም፣ የተቀበለውንም ጉበት ፈጥኖ ይሸኘዋል። በ1998 የታተመ የሕንዶች ጥናት ከቁንዶ በርበሬ ከሚወጣው ፒፐሪን ጋር ሲሰጥ ወደ ደም የሚገባው መጠን በ20 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ያም ሆኖ በ2017 አንድ የኬሚስቶች ቡድን በከርኩሚን ላይ ከተደረጉት ከ120 በላይ የሰው ሙከራዎች ውስጥ ሐኪሙም ታማሚውም ማን መድኃኒቱን፣ ማን ባዶውን ክኒን እንደወሰደ ሳያውቁ የተካሄደና የተሳካ አንድም የለም ብሎ ጻፈ። ሌሎች ደግሞ ስለ ጉልበት ሕመም የተደረጉ ትንንሽ ሙከራዎችን እየጠቀሱ "ቸኮላችሁ" ይሏቸዋል። ክርክሩ አላለቀም።

አክስቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ "ከቁንዶ በርበሬ ጋር መሆን እንዳለበትማ እናቴም ታውቅ ነበር" አሉኝ።

ስለ ዕጣኑ ግን የምለው አልነበረኝም። ምን እንደሆነ፣ ከምን ዛፍ እንደሚወጣ፣ የት እንደሚበቅል አላውቅም። "ከየት ነው ያመጡት?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ከመርካቶ" አሉኝ።

ከመርካቶ ወዲያ ያለውን መልስ ያገኘሁት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሥራ አሶሳ ስሄድ ነው። ገበያው ውስጥ ከርከዴውና ማሩ በተደረደረበት በኩል ሳልፍ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ማዳበሪያ ከረጢት አፍ ከፍተው ዕጣን ይለቅማሉ። ትልልቁንና ነጩን ለብቻ፣ ቅርፊት የያዘውንና ጠቆር ያለውን ለብቻ ያደርጋሉ።

"የየት ነው አባባ?" አልኋቸው።

"የትግራይ ነው።"

"ከትግራይ ድረስ መጥቶ ነው?"

"ኧረ ከዚሁ ከሸርቆሌ በኩል ነው የመጣው። ስሙ ነው የትግራይ።"

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም። በአገራችን የዕጣን ንግድ ሦስት ስሞች አሉ፤ የትግራይ ዓይነት፣ የኦጋዴን ዓይነት፣ የቦረና ዓይነት። "የትግራይ" የሚባለው አንድ የታወቀ ዛፍ የሚሰጠው ሙጫ ነው፤ ትግርኛው ዛፉን መቀር ይለዋል። ዛፉ ትግራይ ውስጥ ይበቅላል፤ ግን ወደ ደቡብ ምዕራብ ወርዶ መተማን፣ ከዚያ መተከልንና ጉባን፣ ከዓባይ ወዲህም ሸርቆሌና ኩርሙክን እያካለለ ሱዳን ይገባል። አሶሳ ከተማ ራሷ ደጋ ቢጤ ናትና አልፎ አልፎ ካልሆነ አታዩትም። ቁልቁል ወደ ጠረፉ፣ አፈሩ ስስ ወደሆነበት፣ ድንጋይ ወደሚበዛበት ተዳፋት ሲወረድ ነው የሚገኘው። በበጋ ቅጠሉን ጨርሶ ያራግፍና ራቁቱን ቆሞ ያብባል፤ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት እየተላጠ በነፋስ ይውለበለባል። ከእነዚህ ሁሉ ቦታዎች የተለቀመው አዲስ አበባ ሲደርስ "የትግራይ" ይሆናል። ቤኒሻንጉል በዕጣኑ መጠሪያ ላይ የለችም።

የሚገርመው ደግሞ ይኸው ዛፍ በዓለም የሳይንስ መዝገብ የገባው በዚሁ በቤኒሻንጉል ጠረፍ አካባቢ በተደረገ ዘመቻ ሳቢያ መሆኑ ነው።

በ1820 የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ ልጁን እስማኤልን ሠራዊት አስከትሎ ወደ ሱዳን ላከው። የፈለጉት ነገር የተሸሸገ አልነበረም፤ ወርቅና ባሪያ ነው። በ1821 ስናር ያለ ብዙ ውጊያ እጇን ሰጠች። እስማኤል እዚያ አላቆመም። ወርቁ ያለው ወደ ደቡብ፣ ከፋዙግሊ ወዲያ፣ የበርታ ሰዎች በሚኖሩባቸው ተራሮች ነው ስለተባለ ወደዚያው ገሰገሰ። የተራራው ሰው በድንጋይና በጦር ተከላከለ፤ የተያዘው እየታሰረ ወደ ሰሜን ተነዳ።

ከሠራዊቱ ጋር አንድ ፈረንሳዊ ነበር፤ ፍሬደሪክ ካዮ ይባላል። የናንት ከተማ ሰው፣ የማዕድንና የከበሩ ድንጋዮች ባለሙያ። ቀደም ሲል ለመሐመድ ዓሊ በቀይ ባሕር በኩል የጥንት የኤመራልድ ጉድጓዶች ፈልጎ ያገኘለት እሱ ነው። አሁን ደግሞ የወርቁን ነገር እንዲያረጋግጥ ነው የተከተለው። በ1822 መጀመሪያ ላይ ከፋዙግሊ አልፈው ዛሬ ቤኒሻንጉል ወደምንለው ምድር ዘለቁ፤ አሸዋ አጠቡ፣ ጉድጓድ ፈተሹ። እንደተወራው አልሆነም። ወርቅ አለ፤ ግን ግብፅ ያሰበችው ዓይነት ክምር አይደለም። ሠራዊቱ ተመለሰ፤ እስማኤልም በዚያው ዓመት መገባደጃ ሸንዲ ላይ ከነተከታዮቹ በእሳት ተቃጥሎ ሞተ።

ካዮ ግን ባዶ እጁን አልተመለሰም። በመንገዱ ሁሉ ዕፅዋት እየቆረጠ ያደርቅ ነበር። ደሊል የተባለ የዕፅዋት ሊቅ፣ በወጣትነቱ ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ የዘመተ ሰው፣ ካዮ ካመጣቸው ውስጥ መቶ ያህሉን ለይቶ በ1826 አሳተመ። ከእነዚያ አንዱ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ ዛፍ ነበርና "ፓፒሪፌራ" ተባለ፤ ወረቀት ተሸካሚ እንደማለት ነው። በ1843 ሆክሽቴተር የሚባል ጀርመናዊ ከሕንዱ የዕጣን ዛፍ ጋር አንድ ወገን መሆኑን አይቶ ቦስዌሊያ ከተባለው ዘር አስገባው። የዛሬ ሙሉ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ነው፤ ከስሙ ጎን ዛሬም የካዮና የደሊል ስም ይጻፋል። ወርቅ ፍለጋ የወጣው ዘመቻ ለሳይንስ ያተረፈው እንግዲህ ይህን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውም ሁሉ ወርቁን ነው የጠየቀው። በ1838 መሐመድ ዓሊ ሩሴገር የሚባል ኦስትሪያዊ የማዕድን መሐንዲስ ላከ፤ ባገኘው ነገር አልረካ ብሎ በስተርጅናው ራሱ ፋዙግሊ ድረስ መጣ። በ1890 ዓ.ም. የምኒልክ ሠራዊት በራስ መኮንን መሪነት ሲዘምት ከምክንያቶቹ አንዱ ወርቁ ነበር። የአሶሳው ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ታሰሩ፣ ቆይተውም ተፈትተው አገራቸውን በግብር እንዲገዙ ተደረገ፤ ግብሩ ወርቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው ይባላል፤ ታክሲ ረዳቱ "ሸጎሌ! ሸጎሌ!" ሲል የሼሁን ስም እየጠራ ነው። በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ድንበር ሲሰመር ኩርሙክ አፋፉ ላይ ቀረች። የቤኒሻንጉልን ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ ስትከፍቱ የምታገኙት ይህንኑ ነው፤ ወርቅ፣ የባሪያ ንግድ፣ ድንበር። ዕጣኑ የለም። ቢኖርም በሸቀጥ ዝርዝር ውስጥ ከማርና ከሰም ቀጥሎ ባንዲት ቃል ያልፋል። ወርቁን መዝጋቢ መዝኖታል፤ ዕጣኑን ያጨሰው እንጂ የጻፈው የለም።

የዓለም ሐኪሞች ግን ጽፈውታል። የግብፅዋ ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት 1470 አካባቢ ወደ ፑንት መርከብ ልካ ዕጣን ብቻ ሳይሆን ዛፎቹን ከነሥራቸው በቅርጫት አስመጥታለች፤ ደይር ኤል ባሕሪ ግድግዳ ላይ ተቀርጾ ይታያል። በድሮ የግብፅ የሕክምና ጽሑፎች ዕጣን ለቁስልና ለእብጠት ይታዘዛል። ከ980 እስከ 1037 የኖረው ኢብን ሲና በትልቁ የሕክምና መጽሐፉ ኩንዱር በሚል ስም ያነሳዋል። ከዚያ ዘመናዊው ሕክምና መጣና ዕጣንን ለቤተ ክርስቲያንና ለሽቶ ሰሪ ትቶ ሄደ።

እንደገና ያነሱት ሕንዶች ናቸው። እነሱም የራሳቸው የዕጣን ዛፍ አላቸው፤ ቦስዌሊያ ሴራታ። ጃሙ ከተማ ያለ የምርምር ተቋም በ1980ዎቹ የሙጫው ጭማቂ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ብግነትን እንደሚቀንስ አሳየ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ጀርመን፣ ቱቢንገን ያሉ ተመራማሪዎች እንዴት እንደሚሠራ ደረሱበት።

እንዴት ነው የሚሠራው? ሰውነታችን ሲጎዳ ኡኡ ይላል። ያ ኡኡታ ሊዩኮትሪን የሚባሉ ኬሚካሎች ናቸው፤ ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራሉ፣ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። እሾህ ሲወጋን ይህ ደግ ነገር ነው። ችግሩ ኡኡታው አልቆም ሲል ነው። ቁርጥማት የያዘው መገጣጠሚያ፣ አስም ያለበት ሳንባ እሾህ በሌለበት ቀን ከሌት ኡኡ ይላሉ። ሊዩኮትሪንን የሚያዘጋጀው 5-ሊፖኦክሲጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ በዕጣን ሙጫ ውስጥ ያሉት ቦስዌሊክ አሲዶች ይህን ኢንዛይም ያግዱታል። እርድና ዕጣን ጎረቤት የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም የተቆጣን ነገር አብራጆች ናቸው።

በሰው ላይስ? በ1998 ሕንድ ውስጥ 40 የአስም ሕሙማን ለስድስት ሳምንት የሙጫውን ዱቄት ወስደው 70 በመቶው ሲሻላቸው፣ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት የተሻላቸው 27 በመቶ ነበሩ። በ2003 ጉልበታቸውን የሚያማቸው 30 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሕመሙም እብጠቱም ቀነሰ። በ2011 ጀርመን ውስጥ ጭንቅላታቸው በጨረር የሚታከም 44 ሕሙማን ላይ በተደረገ ሙከራ የአንጎል እብጠታቸው ከ75 በመቶ በላይ የጎደለላቸው ዕጣኑን ከወሰዱት 60 በመቶ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 26 በመቶ ሆኑ። በዚያው ዓመት ግን ክሮን በሚባለው የአንጀት ብግነት ላይ የተደረገው ሙከራ ከባዶው ክኒን የተለየ ውጤት ባለማሳየቱ ከግማሽ መንገድ ቆመ። እኔ እንደሚገባኝ ተስፋ አለው፣ ተአምር አይደለም። ሙከራዎቹ ትንንሾች ናቸው፤ 30 ሰውና 40 ሰው ይዞ ለሚሊዮን አይፈረድም።

ደግሞም እነዚህ ሁሉ በሕንዱ ዛፍ ነው የተሞከሩት። የእኛው ፓፒሪፌራ እነዚያኑ አሲዶች፣ ብርቱ የሚባለውንም ጭምር፣ ይዟል። በዚያ ላይ ኢንሰንሶል አሲቴት የሚባል በእሱ ሙጫ ውስጥ በብዛት የሚገኝ ነገር አለው፤ የኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2007 ይህ ነገር በራሱ ብግነትን እንደሚያበርድ፣ በ2008 ደግሞ አይጦችን ጭንቀታቸውን ቀንሶ እንደሚያረጋጋ ጽፈዋል። ሕንድ ለራሷ ዛፍ ያደረገችውን ያህል ግን ለእኛው ዛፍ አልተደረገለትም።

እዚህ ላይ አክስቴን የሚያስቆጣ ነገር ልናገር። ቦስዌሊክ አሲዶች ከባድ ናቸው፤ እሳት ላይ ሲወድቁ ይፈራርሳሉ እንጂ እምብዛም ከጭስ ጋር አይነሱም። ሕሙማኑ የዋጡት እንጂ ያጠኑት አልነበረም። ዝግ ቤት ውስጥ የሚትጎለጎል ጭስ ደግሞ የየትኛውም ጭስ ወንድም ነው፤ ደቃቅ ብናኙ የመተንፈሻ ቱቦን ያስቆጣል፣ አስም ላለበት ሰውማ ጠላት ነው። ሽታው መንፈስን ያሳርፋል ብትሉኝ አልከራከርም፤ እኔንም ያሳርፈኛል። ግን ኮሮናን አይገድልም። "በሽታ የመከላከል አቅምን ይጨምራል" የሚለውም ወሬ ነገሩን ገልብጦ የያዘ ነው። ብግነት እኮ ራሱ የመከላከያው አንድ ክንድ ነው፤ ዕጣኑም እርዱም የሚታወቁት ያንን ክንድ ጋብ በማድረግ እንጂ በማበርታት አይደለም። ለበዛበት መልካም ነው፤ ለሁሉም አይደለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ሁለቱንም በብዛት ከመዋጡ በፊት ሐኪሙን ቢጠይቅ ነው የሚሻለው።

ስለ እርድ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ልለፍ አልችልም። በ1995 የአሜሪካ የፓተንት ቢሮ እርድን ለቁስል ማዳኛነት መጠቀምን ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ አዲስ ግኝት መዘገበላቸው። የሕንድ የሳይንስ ምክር ቤት በዓመቱ ተቃወመ። ማስረጃ ብሎ የቆለለው ከጥንታዊ የሳንስክሪት መጻሕፍት ጀምሮ በ1953 የታተመ የራሳቸውን የሐኪሞች መጽሔት ጭምር ነው። በ1997 ፓተንቱ ተሰረዘ። ልብ በሉ፣ ሕንድ የረታችው እናቶቿ እርድን ስለሚያውቁት አይደለም፤ እናቶቿ ማወቃቸው ስለተጻፈ ነው። እኛም ጤፋችንን አንድ የሆላንድ ኩባንያ ፓተንት አስይዞበት በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ ዓመታት ፈጅቷል። በ1998 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 482 የሚባል የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚጠብቅ ሕግ አለን። ሕጉ ግን የሚጠብቀው ያለውን ነው። የበርታና የጉሙዝ ሽማግሌ ስለ ዕጣን፣ ስለ ቅርፊቱ፣ ስለ ቅጠሉ የሚያውቀው በማን መዝገብ ላይ ሰፍሯል? አሶሳ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ወዲህ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሥራው ወደ ደጁ መጥቶለታል።

ዕውቀቱ ቢጻፍም እንኳ ዛፉ መኖር አለበት። አባባ፣ የገበያው ነጋዴ፣ "ድሮ ከዚህ አልርቅም ነበር፤ አሁን እየራቀ ነው" ብለውኝ ነበር። ያን ጊዜ የሽማግሌ ትዝታ መስሎኝ አለፍሁት።

ዕጣን የሚገኘው ዛፉን በመብጣት ነው። ሚንጋፍ በምትባል ስለታም መሣሪያ ከግንዱ ግራና ቀኝ ቅርፊቱ በትንሹ ይላጣል። ነጭ ወተት የመሰለ ነገር ያነባል፤ ይደርቃል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሰውየው ተመልሶ ይለቅማል፣ ያንኑ ቁስል ትንሽ ያሰፋዋል። ከመስከረምና ጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ዝናቡ እስኪመጣ፣ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ እንዲህ ይመላለሳል። በመተማም በቤኒሻንጉልም ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን ሲሠሩ የኖሩት በአብዛኛው ከትግራይ የሚመጡ ወጣቶች ናቸው፤ በቆላው ሙቀትና ወባ ውስጥ ወራት ያሳልፋሉ። ፈቃዱ የድርጅት ነው፣ ጉልበቱ የመጤ ነው፣ ዛፉ የበቀለበት መንደር ሰው ዳር ቆሞ ያያል። የእኔ ያላለውን ዛፍ ደግሞ ማን ከእሳት ያድነዋል? ከ2013 ዓ.ም. ጦርነትና ከመተከሉ እልቂት በኋላማ ለቃሚው መምጣቱም ስጋት ሆነ።

ሙጫው ለዛፉ ምንድን ነው? መድኃኒቱ ነው። ሲቆስል ቁስሉን የሚደፍንበት፣ ነፍሳት እንዳይገቡ የሚዘጋበት ነው። እኛ የምንወስደው እሱ ለራሱ ቁስል ያዘጋጀውን ነው፤ የሚያዘጋጀውም ለፍሬ ሊያውለው ከሚችለው ስንቅ ላይ ቀንሶ ነው። በ2006 ኤርትራ ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት ውጤት ታትሟል። ካልተበጡ ዛፎች የተለቀመ ዘር ከ80 በመቶ በላይ በቀለ፤ በየዓመቱ ከሚበጡት የተገኘው ግን 16 በመቶም አልሞላ። ያቺ የበቀለችውም ፍየል ይበላታል፣ የበጋ እሳት ይደርስባታል፣ ወይም ለሰሊጥና ለጥጥ እርሻ ትመነጠራለች። ትልልቆቹን ደግሞ ግንዳቸውን የሚቦረቡር ጥንዚዛ ይጥላቸዋል። ጉባ ውስጥ ከቆላው ደን የተወሰነው ዛሬ ንጋት ሐይቅ ሥር ነው።

በ2019 የሆላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ኔቸር ሰስቴነቢሊቲ በሚባለው መጽሔት ላይ ያወጣው ጽሑፍ አባባ የነገሩኝን በቁጥር ደገመልኝ። ከተጠኑት የዕጣን ደኖች ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ውስጥ ወጣት ዛፍ የለም። ለአሥርት ዓመታት አዲስ አልተተካም። በዚህ ከቀጠለ የዕጣን ምርቱ በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል ብለዋል። ከ2019 ስትቆጥሩ 2039 ነው፤ ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ጎልማሳ ሳይሆን ማለት ነው። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር አስቡ፤ ሁሉም ጤነኞች ናቸው፣ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፣ ሕፃን ግን የለም። ዕጣናችን ደግሞ በአብዛኛው እንደተለቀመ በከረጢት ሆኖ ቻይና፣ ዓረብ አገርና አውሮፓ ይሄዳል። እዚያ ሽቶ ይሆናል፣ ቅባት ይሆናል፣ ክኒን ይሆናል።

መላው የታወቀ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ለዓመታት ሲናገሩት ኖረዋል። ለብዙ ዓመት የተበጣውን ዛፍ ማሳረፍ፣ የቁስሉን ቁጥርና የምልልሱን ብዛት መቀነስ፣ ችግኝ የሚወጣበትን ቦታ ከከብትና ከእሳት መከለል። ትግራይ ውስጥ ደግሞ ከዘር ይልቅ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ተሞክሮ ይዟል። ወፍራም ቅርንጫፍ፣ ዛፉ ቅጠሉን ባራገፈበት በበጋው ወራት፣ ዝናብ ሳይመጣ። እንደ ቁልቋል ነው የሚያዘው ማለት ይቻላል። ኩርሙክና ሸርቆሌ ውስጥ ይህን በሰፊው ሲያደርግ ያየሁት ሰው የለም፤ ዛፉን "የእኔ" የሚል ሰው እስኪገኝም የሚያደርገው አይመስለኝም።

ከአሶሳ ስመለስ ለአክስቴ ከአባባ የገዛሁትን አንደኛ ደረጃውን ዕጣን አንድ ኪሎ ይዤላቸው ሄድሁ። ከመርካቶ ሳይሆን ከሸርቆሌ መሆኑን፣ ስሙ ግን የትግራይ መሆኑን፣ ካዮ የሚባል ፈረንሳዊ ወርቅ ሊፈልግ ሄዶ ለዓለም እንዳስተዋወቀው፣ ቢዋጥ እንጂ ቢታጠን ለጉልበት እንደማይሆን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኋቸው። አንዷን ፍሬ አንስተው ለብርሃን አሳይተው አዩዋት።

"እኔ የምልህ፣ እንዲህ ነጭ ሆኖ ሳለ ለምን ይዋጣል?" አሉኝ። "ጉልበቴን ሐኪም ዘንድ አሳያለሁ። ይኼን ለቡና ነው የማደርገው።"

ደግነቱ አሁን መስኮቱን ይከፍታሉ።